አሥራ ሁለት ሳጥንና አንድ ስልክ

ተማሪዋ ከልብስ ሰፊው ጠረጴዛ ሥር ተንበርክካ፣ ክርና አቧራ የለበሰውን ትንሽ ሳጥን ከሶኬቱ ስትነቅል፣ ሰውየው ከላይ ጠየቃት።

"እናትሽ ደህና ናቸው? ዛሬ አልደወሉም።"

"የኔ እናት? የት ያውቋታል ጋሼ?"

"በስልክ ነዋ! ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት 'የሳጥኑ መብራት በርቷል?' ይሉኛል። በርቷል ካላልኩ ስልኩን አይዘጉትም።"

ቀና ስትል ጭንቅላቷ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ያልተማከለ የፋይል ማከማቻ ነው። አንድ ሰነድ ተቆራርጦ በማይተዋወቁ ሰዎች ቤትና ሱቅ፣ እንደዚህ ሳጥን ባሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ይበተናል። የትኛው መቼ እንደበራና መቼ እንደጠፋ ደግሞ ሁሉም ዘንድ ቅጂው ባለ፣ ማንም ብቻውን ሊፍቀው በማይችል መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ብሎክቼን የሚሉት ይኸው ነው። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ምኑም አልገባውም ነበር። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ስትለው ግን ሳጥኑን ከእጇ ተቀበላት።

የጥናቱ ጥያቄ አንድ ነው፦ ማንም ሳይቆጣጠራቸው፣ አሥራ ሁለት ሰዎች እንደየልማዳቸው ሲያበሩና ሲያጠፉ ሰነዱ ይተርፋል? በዘጠና ቀን አንድም ቁራጭ አልጠፋም። የተነቀለው ሁሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይመለስ ነበር። ሰው ሥራ ሲገባ ያበራዋል ብላ ቆንጆ ግራፍ ሠርታለታለች። በዚህ ውጤት ነው ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለአንድ የምርምር ማዕከል የምታመለክተው። ቦታው አንድ ነው፤ ሦስት ዓመት፣ ሙሉ ወጪ ተሸፍኖ። ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለቴም ወድቃለች፤ ከሦስት ጊዜ በላይ ማመልከት አይፈቀድም።

ቤት ስትደርስ እናቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መስኮት ትወለውላለች። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ ጡረታ ወጥታም ድምፅዋ ገና መስመር ያገናኛል።

"እማዬ፣ ሳጥን ለወሰዱት ሰዎች ትደውያለሽ እንዴ?"

"ለአሥራ አንዱ። አሥራ ሁለተኛው የኛው ነው፤ እሱን በዓይኔ ነው የማየው።"

"ቁጥራቸውን ከየት አመጣሽ?"

"ፍሪጁ ላይ የለጠፍሽው አንቺ! ያቺ ፋርማሲስት እንኳን ለእረፍት ስትሄድ ነቅላው ልትሄድ ነበር። ለጎረቤት ቁልፍ ያሰጠኋት እኔ ነኝ።"

"እኔ እኮ የማጠናው ማንም ሳይነግራቸው የሚሆነውን ነው!"

እናቷ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ለቀቀችው።

"ታዲያ ሲበላሽ ዝም ብዬ ልይ? ሁለቱንም ጊዜ በር ዘግተሽ ስታለቅሺ የሰማሁ እኔ ነኝ።"

ልጅቷ በጣም ተናደደች፤ ንዴቷ ግን የሚያርፍበት አጣ። ክፍሏ ገብታ ለአማካሪዋ ደወለች። ዶክተሩ ሰምቷት ሲያበቃ ሳቀ።

"እና? ሳጥኖቹ ሠርተዋል፣ መዝገቡም አይዋሽም። አታካብጂው፣ ላኪው።"

"መዝገቡ መብራቱን እንጂ ስልኩን አያውቅም፣ ዶክተር።"

"ይህን ከጻፍሽ ዕድሉ ሊያመልጥሽ ይችላል፤ ከወዲሁ እወቂው። ቅጹ ያንቺ ነው።"

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቅጹን ከፈተች። እናቷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ጥፋቷ አሁን ገብቷታል፤ ግን ይቅርታ መጠየቅ አልለመደባትም።

"ስንት ሰዓት ነበር የምትደውዪው?"

"ሁለት ሰዓት ላይ።"

"የጻፍሽበት ነገር አለሽ?"

"ያለ ደብተር ስልክ ይደወላል እንዴ?"

ደብተሩ መጣ። ቀኑ፣ ደቂቃው፣ ማን እንዳነሳ፣ ማን እንዳላነሳ በተስተካከለ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። "አሥራ አራተኛ ቀን፦ ልብስ ሰፊው ሳጥኑን ነቅሎ ካውያ ሰክቷል። ተቆጥቼው መልሷል።" ልጅቷ እየቆጠረች ገለጠች። እናቷ ባትደውል ኖሮ ሰባት ሳጥኖች ጠፍተው ይቀሩ ነበር፤ ሰነዱም አይተርፍም ነበር።

ግራፏን ሰረዘችው። በምትኩ የደብተሩን ገጾች አንድ በአንድ ፎቶ አንስታ አያያዘች። ከዚያ ወደ አራተኛው ጥያቄ ተመለሰች፦ "ሥርዓቱን የሚቆጣጠር ማዕከል አለ?" ከሳምንት በፊት "የለም" ብላ ሞልታው ነበር።

አጠፋችውና "አለ" ብላ ጻፈች። ከሥሩ "አድራሻ" በሚለው ክፍት ቦታ የእናቷን ስልክ ቁጥር አስገብታ ላከችው።