ጥሩነህ የለወጠው መጨረሻ

ጥሩነህ ፊልም አይቶ መጥፎ ነው ብሎ አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ በምትወጣ አንዲት ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከሳሙና ማስታወቂያው ግርጌ፣ የሰሞኑን ፊልም ያመሰግናል። አዘጋጁ፣ «አንተ እኮ ሃያሲ ሳትሆን አዝማሪ ነህ፤ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሰው ስደብ» ይለዋል። እሱ ግን ይስቃል። «ሰዎቹ ላባቸውን አፍስሰው፣ ከባሕር ማዶ ድረስ ልከውልኝ፣ እኔ ኮልፌ ቁጭ ብዬ ላጣጥልባቸው? ነውር አይደለም?»

ለሁሉም ፊልም የሚሆን ምስጋና አያጣም። ጎርፍ የለያያቸው ወንድማማቾች በዘፈን የሚፈላለጉበት የህንድ ፊልም መጣና፣ «ከተመልካቹ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ታሪኩ ያልገባውም አንድም ሰው አልነበረም» ብሎ ጻፈ። የካውቦይ ፊልም አይቶ ሽጉጡን ሁሉ ትቶ ፈረሱን አመሰገነ፤ ጌታው መጠጥ ቤት ገብቶ ሲደባደብ ውጭ ዝናብ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ፈረስ ከብዙ ሰው ይሻላል አለ። ወፍራም ባል ከቁም ሳጥን አልወጣ ብሎ የሚታገልበትን የጣሊያን ኮሜዲ አይቶ፣ ሲስቅ የሸሚዙ ቁልፍ መበጠሱን ሳያፍር ጻፈው። የሙታን መንፈስ ስላለበት ፊልም ደግሞ፣ «በሩ ሲጢጥ ሲል እንዲህ ያለ በር ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ የራሴን በር ዘይት መቀባት ትቻለሁ» አለ።

ከሁሉ አብልጦ የሚያመሰግነው ግን ጨለማውን ነበር። አንድ ሰሞን እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ «ለቅሶ ቤት ሄደህ ብታለቅስ እንኳ፣ ማን ደረቱን እንደመታ፣ ማን እንዳልመታ የሚያይ ዓይን አለ። በሲኒማ ቤት ግን ማንም አያይህም፤ ለምን አለቀስክ ብሎም የሚጠይቅህ የለም። ለዚህ ብቻ እንኳ የመግቢያው ዋጋ አይቆጭም።» አዘጋጁ ይህን ሲያነብ መሳደቡን ረሳ።

ጥሩነህ ተከራይቶ የሚኖረው ኮልፌ፣ እማማ ዘመነች ግቢ ውስጥ ነው። እማማ ዘመነች ከጎጃም የመጡ፣ ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ያላቸው ልጅ ወንድሙ የሚባል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እማማ በራቸው ላይ ተቀምጠው ጌሾ ይለቅማሉ። ጥሩነህም በርጩማውን ይዞ ይመጣና መጀመሪያ ጽሑፉን ያነብላቸዋል፤ ቀጥሎ ፊልሙን ከአናቱ እስከ ጭራው ይተርክላቸዋል። ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም። «አንተ ቤቴ ድረስ እያመጣህልኝ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» ይላሉ። ዝም ብለውም አይሰሙም። የካውቦዩን ሲነግራቸው፣ «ለመሆኑ ያንን ፈረስ ማን ያበላዋል?» አሉት። የመንፈሱን ሲነግራቸው አማትበው፣ «እንዲህ ሲሆን ቄስ አይጠሩም?» ብለው ተቆጡ። ጥሩነህ እንዲህ ያለ ተመልካች አይቶ አያውቅም። ፊልም ሲያይ እንኳ፣ ይቺን እማማ ምን ይሏት ይሆን እያለ ነበር የሚያየው።

በነሐሴ አጋማሽ ጎረቤቱ ጋሽ ገመቹ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራው። ገመቹ አናጢ ነው፤ የእድሩም ዳኛ ነው። ጴንጤ ከሆነ ወዲህ ሲኒማ የሚባል ነገር አይወድም፤ ከእማማ ዘመነች ጋር ደግሞ በአንድ ክንድ የአጥር መሬት ስንት ዘመን ተጨቃጭቀዋል። ያን ቀን ግን ባርኔጣውን አውልቆ ነበር።

«ወንድሙ ሞቷል» አለው። «ባቲ አጠገብ መኪናው ተገልብጦ። እዚያው ቀብረውታል።»

ጥሩነህ አጥሩን ያዘ። ወንድሙ ከመንገድ ሲመለስ ገና በሩ ላይ ሆኖ «ራበኝ!» እያለ የሚጮህ ልጅ ነበር።

«እማማ ያውቃሉ?»

«እንዴት አድርገው ያውቃሉ? የሥጋ ዘመድ ሳይኖር መርዶ ይነገራል እንዴ? ወንድማቸው ቢቸና ነው ያለው። ልከንበታል፤ ግን መንገዱን ክረምቱ ዘግቶታል። እሱ ሲደርስ፣ እንደ ደንቡ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበን ገብተን እናረዳቸዋለን። እስከዚያ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ዝም!» ገመቹ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ሲኒማ የሰይጣን ጓዳ ነው ባይ ነኝ፤ ታውቃለህ። ግን ለእኒህ ሴት ሲባል፣ እባክህ በፊልምህ ልባቸውን ያዝልን።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ማር ሆነ። ጠላው ቀጠነ ይሉ የነበሩ ሁሉ ሁለተኛ ጣሳ ይጠይቁ ጀመር። ከእማማ ጋር ተኮራርፈው የኖሩ ሴቶች ውኃ ቀድተውላቸው ይመጣሉ። ገመቹማ የዘመመውን አጥር ነቅሎ አዲስ አቆመ፤ ያቺን አንድ ክንድ መሬትም ያለ ሙግት ለእማማ ለቀቀ። ጥሩነህ ይህን ሁሉ እያየ ይደነቃል። ማንም ሳያለማምደው እንዲህ ትወና የሚያውቅ ሰፈር ሌላ ቦታ ይገኛል? እማማም ለሁሉም «እግዜር ይስጥልኝ» እያሉ ይቀበላሉ።

እሱም የተሰጠውን አደራ ይወጣል። እሁድ ሲሆን የሚያስቅ የሚያስቀውን ይመርጥላቸዋል። ጳጉሜ ላይ ግን ኮሜዲው ሁሉ አለቀና የጦርነት ፊልም መጣ። አንዲት እናት ወታደር ልጇን ልትቀበል በየቀኑ ትንሽ ባቡር ጣቢያ ትሄዳለች። ባቡሩ ይቆማል፤ የሌላ ሰው ልጅ ይወርዳል፤ የእሷ አይወርድም። በመጨረሻ ጎሕ ሲቀድ ሦስት ሰዎች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ደጇ ላይ ይቆማሉ። አንድም ቃል አይናገሩም። እሷ በመስኮት አይታቸው፣ መቀነቷን አጥብቃ ልትከፍትላቸው ትወጣለች፤ ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል። ጥሩነህ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አይቶ አያውቅም። ቤቱ እንደገባ፣ «አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ፊልም የሠሩ እጆች ይባረኩ» ብሎ ጻፈ።

እሁድ ጽሑፉን እንደ ልማዱ አነበበላቸው፤ ታሪኩንም ጀመረ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን የእማማን እጆች ጌሾው ውስጥ አያቸው።

«ከዚያ... ባቡሩ ቆመ» አለ። «ልጁ ወረደ።»

እማማ መልቀማቸውን አቆሙ። «መጣ?»

«መጣ፣ እማማ።»

«ታዲያ አዳራሹ ለምን አለቀሰ?»

«ከ... ከደስታ ነው።»

እማማ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ከጭናቸው ላይ ቅጠሉን አራገፉ። «እንግዲያው ይህንንስ በዓይኔ ማየት አለብኝ። ቅዳሜ ትወስደኛለህ።»

ጥሩነህ ገመቹ ጋ ሮጠ። ገመቹ ሌላ ፊልም እንዲያሳያቸው መከረው፤ ማንበብ አይችሉም፣ በሩ ላይ የተጻፈውን አያውቁትም አለ። ግን ባቡር ጣቢያ የሌለው ፊልም ቢያሳያቸው እማማ ይሞኙለታል? እምቢ ቢላቸውስ ለምን ብለው አይጠረጥሩም? ሁለቱ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ፣ ከማለቁ በፊት አውቶቡስ ያመልጠናል ብሎ እንዲያስወጣቸው ተስማሙ። ጥሩነህ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሱ ግን በእሱ እጅ፣ በእሱ ፊልም፣ ያለ ዘመድ እንዳይጠራ ነበር የፈራው። እንዲህ ያለ መርዶ የነገረ ሰው በኮልፌ ሁለተኛ በማን ዓይን ይታያል? ከሁሉም በላይ እማማን ይወዳቸው ነበር።

ቅዳሜ እማማ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፌርማታው ቀድመውት ተገኙ። ፒያሳ ደርሰው ሲኒማ ቤቱ እንደገቡ የጃንሆይ ምስል መጣ፤ መዝሙሩም ተመታ። ሰው ሁሉ ቆመ፤ እማማም ቆመው እስከ ጉልበታቸው እጅ ነሡ። ሰው ሲቀመጥ እሳቸው ቆመው ቀሩ። ከኋላ ያለው ሰውዬ፣ «እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ!» አላቸው። እማማ ዞረው፣ «ጃንሆይ ቆመው?» ብለው ገሠጹት። ምስሉ እስኪጠፋ ማንም ሊያስቀምጣቸው አልቻለም።

ፊልሙ ሲጀምር ጥሩነህ ፍርሃቱን ረሳው። ስንት ፊልም አይቷል፤ እማማን አጠገቡ አስቀምጦ እንዳየው ያለ ግን የለም። እሳቸው እሱ ያላያቸውን ያያሉ። «እጇን እይ፤ ይቺ ሴት ሥራ ታውቃለች» ይላሉ በሹክሹክታ። «ሁልጊዜ ሁለት ሳህን ነው የምታወጣው፤ አየህ?» አላየም ነበር። ሁለት ሳህን! እንዴት አልጻፈውም? ባቡሩ በመጣ ቁጥር እማማ ከእሷ ጋር አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ ባዶውን ሲሄድም ከእሷ ጋር ይተነፍሳሉ።

የመጨረሻው ሌሊት ሲመጣ ጥሩነህ ወደ ልቡ ተመለሰ። ክንዳቸውን ነካ አድርጎ፣ «እማማ፣ እንነሣ፤ አውቶቡስ ያመልጠናል» አለ።

«ያምልጠን።»

«ዝናቡም...»

«ተው አልኩህ፣ ልጄ።»

ጎሕ ቀደደ። ሰዎቹ ገና ከሩቅ ሲታዩ፣ በመስኮት ያለችው ሴት ሳታያቸው በፊት፣ እማማ፣ «መጡ» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ የሚያውቁትን ሰው እንደሚናገሩ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። የለቅሶ ቤት ለቅሶ አይደለም፤ ዜማ የለውም፣ ደረት መምታት የለውም። ከሆድ የሚወጣ፣ ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ለቅሶ ነበር። ከጎናቸው የተቀመጠች አንዲት የማያውቋት ሴትም ታለቅሳለች። ወደ እማማ ዞሮ ያየ፣ ምን ሆኑ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ጥሩነህ ስለ ጨለማው የጻፈው ነገር ትዝ አለው።

ውጭ ያካፋል። ከበረንዳው ጥግ ቆሙ። ጥሩነህ አፉን ከፈተ፤ «እማማ፣ እኔ...»

«ዝም በል። አንተ ምንም አልነገርከኝም።»

«ገመቹ አንድ ክንድ መሬት የለቀቀልኝ ቀን ነው ያወቅኩት» አሉ። «እኔና ገመቹ በደህና ቀን እንደዚያ አንሆንም። ሰዉ ሁሉ እንዲያ የሚያቆላምጠኝ ልጄ ቢሞት ነው እንጂ፣ ጠላዬ መች እንደዚያ ጣፈጠ?»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ላድርግ? ወንድሜን ትጠብቃላችሁ። እሱ ያን ጭቃ አቋርጦ ሲመጣ፣ ለቅሶው አልቆ፣ ድንኳኑ ፈርሶ ይድረስ? ስለ እኔ ብላችሁ ስንት ደከማችሁ፤ ደንቡንስ እንዴት ላፍርስባችሁ? ግን ሆዴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ ልጄ። ሳይጠየቁ የሚያለቅሱበት ቤት አለ ብለህ አንብበህልኝ አልነበር? አዳራሹ አለቀሰ ስትለኝ ልጁ እንዳልመጣ ገባኝ። ሄጄ እርሜን ላውጣ ብዬ ነው።»

ጥሩነህ በአደባባይ፣ በብርሃን አለቀሰ። እማማ በነጠላቸው ጫፍ ፊቱን ጠረጉለት። «ወንድሜ እስኪመጣ እኔም አላውቅም። ለገመቹ እንዳትነግረው፤ ያዝናል።»

በአውቶቡስ ተሳፈሩ። ኮልፌ ሲቃረቡ፣ «ደግ ፊልም ነው» አሉ እማማ።

«ደግ ነው፣ እማማ።»

«የአንተ መጨረሻ ግን ይበልጣል። ነገ እሱኑ ንገረኝ።»

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ በራቸው ላይ ተቀመጡ። ገመቹ በአጥሩ ማዶ መዶሻውን አስቀምጦ ጆሮውን ጣል አድርጓል። ጥሩነህ ሁለቱን ሳህኖች ሳይረሳ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁን አጠራ።

«ባቡሩ ቆመ፤ ልጁ ወረደ።»

«ከስቷል?» አሉ እማማ፣ ቀና ሳይሉ።

«ትንሽ ከስቷል።»

«መንገድ ነው» አሉና ጌሾአቸውን መልቀም ቀጠሉ። «ርቦታል?»

«በጣም፣ እማማ። ገና በሩ ላይ ሆኖ ነው የጮኸው።»