ሞቆ የጠበቀኝ መክተፊያ

እኔን የሚያውቀኝ ሁሉ «ጠርጥር» ነው የሚለኝ። ስሙን ያወጣልኝ የሚስቴ ወንድም ነው። በሠርጋችን ሰሞን የገዛሁትን አልጋ ገልብጬ ብሎኑን አንድ በአንድ ስቆጥር አገኘኝና «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር!» ብሎ ሳቀብኝ፤ ስሙም በዚያው ተጣብቆብኝ ቀረ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አልከፋኝም። እንዲያውም ስኮራበት ኖሬያለሁ። የበሰበሰ ሽንኩርት ከጆንያ ሥር ደብቆ የሸጠልኝ ነጋዴ እስካሁን አልተወለደም። ሰው ከሚያሞኘኝ ጥርሴን ያለ ማደንዘዣ ቢነቅሉኝ እመርጣለሁ። ይሄ ጠባዬ ምን እንዳሳጣኝ ነው አሁን የምነግራችሁ።

ሦስት መቶ የሚሆኑ የፖምና የኮክ ዛፎች አሉኝ። ዛፍ ያለው ሰው ያውቀዋል፣ በየዓመቱ ካልተከረከሙ ፍሬያቸው እንደ አተር ያንሳል። ከርክመህ ስትጨርስ ደግሞ ቤት የሚያህል የቅርንጫፍ ክምር ይጠብቅሃል። እኔ አቃጥለው ነበር። አባቴም ያቃጥል ነበር። ሚስቴ ግን አስም አለባት፤ እኔ እሳት በለኮስኩ ቁጥር መስኮቱን ሁሉ ዘግታ፣ እርጥብ ፎጣ በሩ ሥር ወትፋ፣ ሌሊቱን ተቀምጣ ታድራለች። ሐኪሙ «ለእርስዎ ጭስ መርዝ ነው» ብሏታል። እሷም «ሳይቃጠል በቅጠል ነው የሚባለው፤ አንድ ነገር አድርግ እንጂ» ትለኛለች። «እሺ» እላለሁ። እሺ ማለት ምን ችግር አለው?

መላው አልጠፋኝም። የቅርንጫፍ መክተፊያ የሚባል ማሽን አለ። የራሱ ሞተር የለውም፤ ትራክተር ደግሞ አለኝ፤ ከእሱ ኋላ ይታሰርና የትራክተሩ ዘንግ ያሽከረክረዋል። ቅርንጫፉን በአንድ በኩል ስታጎርሰው በሌላው በኩል ስብርባሪውን ይተፋዋል። ስብርባሪው ዛፉ ሥር ይነሰነሳል፤ እሳት የለ፣ ጭስ የለ። አዲሱ የማይቀመስ ስለሆነ ያገለገለ መፈለግ ጀመርን። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት አየሁ። አንደኛው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ምን ሊደብቁ ነው? ተውኩት። የሁለተኛው ስለት ተቀይሯል፤ ተውኩት። ሦስተኛውን የሚሸጠው ሰውዬ ሲያወራ ዓይን ዓይኔን አያይም። አራተኛው ላይ ምንም ጉድለት አጣሁበት፤ ጉድለት የሌለውን ማሽን ሰው ለምን ይሸጣል ብዬ እሱንም ተውኩት። ሳቁ፣ ሳቁብኝ፤ እኔም ያን ጊዜ እስቅ ነበር።

አምስተኛውን ያገኘችው ሚስቴ ናት። ማዳበሪያ መሸጫው በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ስልክ ቁጥሩን ቀድዳ አመጣች። ራሷ ደወለች፣ ራሷ ቀጠሮ ያዘች።

«ነገ ጠዋት ይጠብቁናል» አለችኝ።

«ማናቸው?»

«አንድ ሽማግሌ አናጺ ናቸው። ጉልበታቸውን ስላመማቸው ሥራ ትተዋል። ደግ ሰው ይመስላሉ።»

«ደግነታቸውን በስልክ አየሽው?» አልኳት። የዚያን ቀን ሳታመሽ ተኛች፣ ጠዋትም ከእኔ ቀድማ ለባብሳ ጠበቀችኝ።

ብርድ ነበር። አናጺው ግቢ ስንደርስ ጤዛው ገና አልረገፈም፤ ሣሩ፣ የተደረደረው ጣውላ፣ የጋሪው ጎማ ሁሉ እርጥብ ነው። ሽማግሌው የሱፍ ቆብ አድርገው፣ ሥራ ቢያቆሙም እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ወጡ። «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡ፣ ግቡ» አሉን። ማሽኑ ከአሮጌ ትራክተራቸው ኋላ ታስሮ ቆሟል። ቀለሙ የድሮው ነው፤ ዝገቱም አልተደበቀም። ልቤ ደስ አለው። ሚስቴ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ አጠገቤ ቆመች።

ታዲያ አንድ ነገር አየሁ። ማሽኑ ላይ ጤዛ የለም።

የእኔ መካኒክ ሁሌ የሚለኝ ነገር አለ። «ያገለገለ ማሽን ስትገዛ ሳይነሳ ድረስበት። ኩሽኔታው ያለቀ ማሽን በብርድ ሲነሳ ይጮኻል፤ ከሞቀ ግን እንደ ደህና ማሽን ዝም ይላል።» ኩሽኔታ የሚሽከረከረው ዘንግ የሚቀመጥበት ቀለበት ነው፤ እሱ ካለቀ ማሽኑ አለቀ ማለት ነው። ጓንቴን አውልቄ እጄን ኩሽኔታው ያለበት ብረት ላይ አሳረፍኩ። ሞቋል።

«አባት፣ ዛሬ አስነሥተውታል እንዴ?»

አናጺው ወደ ሚስቴ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ። «ትንሽ አሟሙቄዋለሁ» አሉ።

«ለምን?»

«ያው… ብርድ ነው ብዬ።»

ቱግ አልኩ። እኔ ስቆጣ ምላሴን የሚይዝልኝ የለም። አንቱታው ከአፌ ወደቀ። «እኔን ነው የምታሞኘው? ጩኸቱን ልትደብቅብኝ ሌሊት ተነሥተህ ስታሞቅ አድረህ ነው? ሽማግሌ ብዬ ባከብርህ! ይሄን ዘዴ አንተ ሳትሠራው እኔ አውቀዋለሁ!» በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ነው እንዲህ ያልኩት፣ በገዛ ግቢው ቆሜ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። «ልጄ፣ ፍታውና እየው። ካላመንክ ነገ ሳልነካው ና፤ ቀዝቅዞ ታገኘዋለህ። እኔ ጋ የተደበቀ ነገር የለም» አሉኝ።

«ነገ ደግሞ ሌላ ዘዴ አታጣም» አልኩ።

«እባክህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሠራ እንየው» አለች ሚስቴ። ክንዴን ይዛኛለች። የያዘችበት ጉልበት እስካሁን ይሰማኛል።

«ግቢ መኪናው ውስጥ!» አልኳት።

መንገዱን ሙሉ ስለ ሻጭ ተንኮል ሳስተምራት ሄድኩ። ራሴን የሚያህል አስተማሪ የለም። መሃል ላይ ቆም አልኩና «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኳት። አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችውና ወደ መስኮቱ ዞረች። «ምንም» አለችኝ። እኔ ጅሉ ተስማምታለች ብዬ ወሰድኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ክምሩን አቃጠልኩት። ተጠንቅቄ ነው፤ በእሱስ ማንም አይከሰኝም። ሚስቴን ወንድሟ ቤት ወስጄ አደረስኩ፣ ነፋሱ ከእርሻው በታች ወዳለው ገደል እስኪዞር ጠበቅሁ፣ ከዚያ ለኮስኩ። እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ ተገለበጠ። ጭሱ ቤቱን ሲሸፍነው እያየሁ «ደግነቱ ቤት ማንም የለም» አልኩ። ቆሜ ነው ያልኩት፣ አካፋዬን ተደግፌ።

ነበረች። በአፏ የምትስበውን መድኃኒት ረስታው ኖሮ፣ እኔ ሳላያት ልትወስድ ተመልሳለች። የኩሽናው በር ሥር ወድቃ አገኘኋት፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ መድኃኒቱ እጇ ውስጥ ነው። አንሥቼ ስሮጥ እንዴት እንደቀለለችኝ አልረሳውም።

አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛች። ተረፈች፣ ተመስገን። ሳንባዋ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሐኪሙ እኔን ወደ ጎን ጠርቶ «ወደ እርሻው አትመለስም» አለኝ። ልጃችን ከተማ ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤቷ ወሰደቻት። እዚያ መስኮት አጠገብ፣ ኦክስጅን የምትሰጣት ማሽን ጎን አልጋ ተዘረጋላት። እኔ ዛፎቼን ይዤ ቀረሁ። በየሳምንቱ እሑድ ሄጄ አያታለሁ፤ ሁለት ሰዓት ያህል እንቀመጣለን፣ ስለ ዝናብ እናወራለን። ቤት ስመለስ ኩሽናው በር ላይ እቆማለሁ፤ ለምን እንደምቆም አላውቅም።

ዓመቱ ዞረ። ከረከምኩ፣ ከመርኩ። ክብሪቱን ኪሴ ውስጥ ይዤ ክምሩ ፊት ቆምኩና እጄ እምቢ አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ፤ መኪናዬን አስነሥቼ በቀጥታ ወደ አናጺው ሄድኩ።

ማሽኑ እዚያው ነው፤ ሸራ ለብሷል። ሽማግሌው ከዘራ ጀምረዋል። አወቁኝ። እንዲያባርሩኝ ጠብቄ ነበር፣ እንዲያውም ቢያባርሩኝ ይቀለኝ ነበር።

«ባለቤትህ ደህና ናት?» አሉኝ መጀመሪያ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ሳልደብቅ። እየሰሙኝ ጣውላው ላይ ቁጭ አሉ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ አጋደሙት።

«እንግዲህ ቃሌን ማፍረሴ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ያን ጊዜ፣ ከመምጣታችሁ በፊት ባለው ቀን፣ ሁለቴ ነው የደወለችልኝ። መጀመሪያ ቀጠሮ ልትይዝ። እኔም በጨዋታ መሃል፣ ማሽኑ ደህና ነው፣ ትራክተሬ ግን ባትሪው ስላረጀ በብርድ ጠዋት ያስቸግረኛል አልኳት። ትንሽ ቆይታ መልሳ ደወለች። ‹ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፣ መሞኘት ነው የሚፈራው› አለችኝ። ‹ትራክተሩ አንዴ እምቢ ካለ ጥሎ ይሄዳል። እባክዎ ከመምጣታችን በፊት አስነሥተው ያሙቁልኝ። እኔ መተንፈስ አቅቶኛል፣ ይሄን እንኳ ይግዛልኝ። እኔ እንዳልኩዎት ግን አይንገሩት።› አስነሣሁት። ካስነሣሁት አይቀር ይሠራ እንደሆነ ልይ ብዬ ጥቂት ቅርንጫፍ አጎረስኩት። ነገሩ ይሄው ነው።»

«ያን ለት እንደዚያ ስሰድብዎት ለምን አልነገሩኝም?»

«አደራ ብላኛለች እኮ። እሷም አጠገብህ ቆማ ነበር። እሷ ካልተናገረች እኔ በምን አፌ?»

«አባት፣ ያን ጊዜ ስላልኩዎት ነገር ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እኔን ተወኝ። ስድብ ለምጃለሁ፤ ሠላሳ ዓመት የሰው በር ስገጥም ኖሬያለሁ» አሉ። ፈገግ ለማለት ሞክረው አልሆነላቸውም።

ሸራውን ገፈፍን። እጄን ብረቱ ላይ አላሳረፍኩም፤ ማየት አያስፈልግም፣ በረዶ ነው። ትራክተሩ ሦስት ጊዜ እምቢ አለ፣ በአራተኛው ተነሣ። ዘንጉ መሽከርከር ጀመረ። ጆሮዬን ደቅኜ ጠበቅሁ። ምንም ጩኸት የለም። ዓመት ሙሉ ቆሞ ሲጥ የምትል ድምፅ የለችውም። አንድ ብትጮህልኝ ምን ነበረበት! ሳልከራከር ገዛሁት። በዕድሜዬ ሳልከራከር የገዛሁት ዕቃ እሱ ብቻ ነው።

ቀኑ እሑድ አልነበረም፤ ግን ወደ ቤት አልተመለስኩም፣ በቀጥታ ወደ ከተማ ነዳሁ። በመንገዴ እንባዬ መጣ። አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። እዚህ ላይ ግን ሌላ የምነግራችሁ ነገር አለ፣ ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ከተማው ሊታየኝ ሲል አንድ ሐሳብ ሽው አለብኝ፦ ሽማግሌው ይሄን ወሬ ራሱ ፈጥሮት ቢሆንስ? ማሽኑን ሊሸጥልኝ፣ ሆዴን ሊያባባ? አባረርኩት ሐሳቡን። ሄዶ ተመለሰ።

ልጃችን በሩን ከፈተችና «አባዬ! ዛሬ ምን እግር ጣለህ?» አለችኝ። ሚስቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። ቀጭኗ ቱቦ አፍንጫዋ ላይ ናት፤ ማሽኗ ከጎኗ ታጉረመርማለች። ካልሲ ከካልሲ ታጣምራለች፣ ቀስ ብላ።

«መክተፊያውን ገዛሁት» አልኳት።

«የትኛውን?»

«የአናጺውን።»

እጇ ካልሲው ላይ ቆመ። «ነገሩህ» አለች።

«ነገሩኝ። ምነው? ምነው አልነገርሽኝም? መኪናው ውስጥ ስጠይቅሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ…»

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

አንድ ካልሲ አንሥቼ አቀበልኳት።

«ከሽማግሌው ጋር ተማክረሽብኝ ነው? ትለኝ ነበር» አለች። ትንፋሿ ስላጠራት ቆየች። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጎረቤቱን ጠረጠርክ፣ መካኒኩን ጠረጠርክ፣ ወንድሜን ጠረጠርክ። ያልጠረጠርከኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሱን እንዳላጣ ፈራሁ።»

ምን ልበላት? አይደለም ልበላት? እጇን ልይዝ ጎንበስ አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ፤ እያንዳንዷን የፊቴን መስመር የምታውቅ ሴት ናት።

«ዛሬ እኮ እሑድ አይደለም» አለች። «ናፍቄህ ነው የመጣኸው፣ ወይስ የሽማግሌውን ወሬ ልታጣራ?»

«ናፍቀሽኝ ነው» አልኳት።

ካልሲዎቿን ማጣመር ቀጠለች። አላመነችኝም። እውነቷን ነው።