አስቀድመው እህል ይቅመሱ

ወንጌል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን አላስቀመጠችም። ሌላ ቀን ገና ከአጥሩ ሳትገባ "ራበኝ" የምትል ልጅ፣ ያን ቀን አያቷ እማማ ሀብትነሽ ምስር ከሚለቅሙበት ሰፌድ ፊት ቁጢጥ ብላ፣

"እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር። ግን አይደንግጡ" አለች።

የእማማ ሀብትነሽ ጣቶች ምስሩ ላይ ቆሙ። በዕድሜያቸው ሙሉ "አይደንግጡ" ተብሎ የመጣ ደግ ወሬ ሰምተው አያውቁም።

"ምንድን ነው?"

"እህል ቀምሰዋል?"

ይሄኛው ባሰ። ያኔ ሳንጃ ከተማ ሲኖሩ፣ ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ፣ አንዷ ጎረቤት በማለዳ ወንፊት ልትዋስ መጣች። ሌላዋ ጨው ፍለጋ ብላ ተከተለች። ሦስተኛዋ "እስቲ አብረን እህል እንቅመስ" አለች። ጉርሻውን ከዋጡ በኋላ ነበር ሽማግሌዎቹ ከአጥሩ ጀርባ የወጡት። በባዶ ሆድ መርዶ አይነገርም።

"ቀምሻለሁ" ብለው ዋሹ።

"እሺ። አንድ ቤት አለ እንበል። ሠርቶ የሚያበላው አባወራው ብቻ ነው። ሰብሉ ደርሶ፣ እሱ ቢወድቅ ቤቱ ምን ያደርጋል?"

"ማን ነው የወደቀው?"

"ማንም። እንበል ነው ያልኩት።"

"ቢወድቅ ስትይ፣ ቢታመም ነው?"

ወንጌል ከንፈሯን ነከሰች። "ላይነሳም ይችላል።"

የወንጌል አባት እንግዳው፣ የእማማ ሀብትነሽ አንድ ልጅ፣ ከአብደራፊ ወዲያ በአንድ የጎንደር ባለሀብት የሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል። ስልክ የሚይዝለት ከአንድ ኩይሳ አናት ላይ ሲወጣ ብቻ ነውና በየገበያው ቀን እዚያ ወጥቶ ይደውል ነበር። አሁን ግን የገበያው ቀን ደርሶ ሲያልፍ፣ ደግሞም ሲያልፍ ስልኩ ዝም ብሏል። መንገዱ ደግሞ መንገድ አይደለም፤ ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ይዘጋል፤ የተያዘ አለ፣ የቀረ አለ ይባላል። እማማ ሀብትነሽ ሰው መጠየቅ ይፈራሉ። ጠይቀው መልስ ቢያገኙስ?

"ሁለት ልጆች ይማራሉ" አለች ወንጌል። "ትልቋ ሴት ናት፣ ትንሹ ወንድ። አንዳቸው የግድ ከትምህርት ይቅር ቢባል ማንን ያስቀራሉ? እውነቱን ይንገሩኝ።"

ሁለት ልጆች። ወንጌል ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ወንድሟ አለምሰገድ ሁለተኛ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሁለቱም ያደጉት በእማማ ሀብትነሽ ጉያ ነው። ልጅቱ የምትጠይቀው ስለማን እንደሆነ ገና ምን ይጠየቃል?

"አንቺን" አሉ፤ ቃሉ ካፋቸው አምልጦ። "አንቺን ነዋ። እሱ ምን ሊሠራ፣ ገና ንፍጡን የማይጠርግ። የአንቺ እጅ ሥራ ለምዷል። ከዓይኔም አትርቂም።"

"እኔን አላልኩም እኮ፣ እማማ።"

"ታዲያ ማንን ነው?"

ወንጌል ደብተሯን ይዛ ተነሳች። ያን ዕለት እራት ላይ ለወንድሟ የራሷን ድርሻ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። እማማ ሀብትነሽ ይህንንም ከምልክቶቹ ጋር ደመሩት።

በማግስቱ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት እንደሄዱ፣ መጂዳ መጣች። መጂዳ ከድንበሩ ማዶ ከሱዳኗ ገላባት የሚመጣ ሳሙናና ሽቶ የምትነግድ ጎረቤታቸው ናት። ኡመይር የሚባለው ልጇም ከወንጌል ጋር አንድ ክፍል ይማራል። ሌላ ጊዜ ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ ነው የሚገባው፤ ከአጥሩ ውጭ ሆና "እትዬ ሀብትነሽ፣ ዛሬም አልሞቱም?" ብላ ታበሽቃቸዋለች። ዛሬ ግን አጥሩን ቀስ ብላ ገፍታ፣ ክዳን ያለው ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ገባች።

"እህል ቀመሱ?"

እማማ ሀብትነሽ መደቡን ያዙ።

"ፉል ሠርቼ በዛብኝ" አለች መጂዳ።

"ያንቺ ፉል መቼ በዝቶ ያውቃል?"

"ወላሂ ዛሬ በዛብኝ።" ክዳኑን አነሳች፤ መልሳ ከደነችው። "ከእንግዳው ወሬ አላችሁ?"

"ምነው፣ አንቺ የሰማሽው አለ?"

"እኔ ምን እሰማለሁ። ብቻ ትናንት ኡመይር… ይተዉት፣ የልጅ ነገር ነው። ይብሉ እስቲ፣ እኔም አብሬዎት እቀምሳለሁ።"

አብሬዎት እቀምሳለሁ። ሳንጃም እንዲሁ ነበር ያሉት። መጂዳ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች፤ እሳቸው የሳህኑን ክዳን ያያሉ። ያልተነገረ ሞት ገና አልሞተም፤ ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ልጃቸው በሕይወት አለ። እስከዚያ ግን አንድ ሥራ ነበራቸው። መርዶው ከተነገረ ሐዘን ይጥላቸዋል፤ ድንኳን፣ ለቀስተኛ፣ ለቅሶ። ያኔ የእነዚህን ልጆች ጉርስ ማን ያስባል? ማሰብ ያለባቸው አሁን ነው፣ አእምሯቸው ሳይሰበር።

"ኋላ እበላዋለሁ" ብለው ነጠላቸውን አነሱ።

የሄዱት ሉባባ ምግብ ቤት ነው። ሉባባ ምግብ ቤቷን የከፈተችው የጭነት መኪኖች የጉምሩክ ፍተሻ የሚጠብቁበት መንገድ ዳር ሲሆን፣ ሁልጊዜ የሰው እጅ ያንሳታል። ወንጌልን ልቅጠር ብላ ከዚህ ቀደምም ጠይቃ ነበር፤ እማማ ሀብትነሽ ሰድበው መለሷት።

"ያቺን ቀለም የጠጣች ልጅ ለእኔ ድስት?" አለች ሉባባ፣ ወገቧን ይዛ። "ዶክተር ትሆናለች እያሉ ገበያ ለገበያ ጆሮዬን ሲያደነቁሩ የነበሩት እርስዎ አይደሉ?"

"ትቀበያታለሽ አትቀበያትም? እሱን ንገሪኝ።"

ሉባባ ሳቋን አቆመች። "ማን ሞተብዎ?"

"ማንም።"

"እንግዲያው ከሰዓት ትምጣ። ሹፌሮቹ ከፍተሻ ሲለቀቁ ባንድ ጊዜ ነው የሚወሩኝ። ግን እትዬ፣ አንዴ ድስት የለመደች ልጅ ወደ ደብተር አትመለስም። ኋላ እኔን እንዳይወቅሱኝ።"

ከበሩ ሲወጡ አንድ ሹፌር የአስተናጋጇን ክንድ ይዞ አልለቅም ሲል፣ ልጅቱም እየሳቀች ለማስለቀቅ ስትታገል አዩ። ሳቁ የሳቅ አልነበረም። ከወንጌል ብዙም አትበልጥም። ቀን ቀን ብቻ ነው፤ እኔም አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ማን ሊነካት፣ አሉ ለራሳቸው፤ ከዚያ ባጃጅ አስቁመው ወንጌልን ከትምህርት ሊያስወጡ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ።

የክፍሉ መስኮት ከሙቀቱ የተነሳ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሩ ጋ ሳይደርሱ ድምፅ ሰሙ። የወንጌል ድምፅ ነው፤ ደረቅ፣ እንባ የሌለበት።

"አባታችን ሞተ። እኔ ከትምህርት ወጣሁ፤ ወንድሜ ይቀጥላል። አያታችን ናት የወሰነችው።"

እማማ ሀብትነሽ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ ሲያስሩ አላወቁትም። ደረታቸውን ሲመቱም አላወቁትም። ያወቁት ክፍሉ ሙሉ ፊት ወደ እሳቸው ዞሮ የራሳቸውን ለቅሶ ሲሰሙ ነው። "ለትምህርት ቤት ነግራችሁ ለእኔ ለእናቱ ትደብቁኛላችሁ? እንግዳው፣ የኔ ብቸኛ…"

መምህሩ ሮጦ ክንዳቸውን ደገፈ። ሰማኸኝ የሚባል፣ ጢሙ ገና ያልሞላ የዜግነት ትምህርት መምህር ነው። "እማማ፣ እማማ፣ ማንም አልሞተም። ጨዋታ ነው።"

"ማን ነው ያልሞተው?"

"የሞተው የባንግላዴሹ አባወራ ነው።"

"እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?"

ከኋላ አንዱ ተማሪ ፈነዳ፤ ሳቁ ወዲያው ታፈነ። ወንጌል አልሳቀችም።

ሰማኸኝ ወንበር ሰጥቷቸው ነገሩን ዘረዘረ፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ተማሪዎቹ በቡድን ተከፋፍለው፣ እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ድሃ አገር የሚኖር ቤተሰብ ሆኗል፤ አንዱ ቦሊቪያ፣ አንዱ ማላዊ። በየቀኑ አንድ ዓመት ያልፋል፤ ከቅል ውስጥ ዕጣ ይወጣል። ጎርፍ፣ በሽታ፣ ድርቅ፣ ደህና ሰብል። ቤተሰቡ በቆርኪ እየቆጠረ ይበላል፣ ይታከማል፣ ያስተምራል፤ ቆርኪው ሲያልቅ አንዱን ነገር መተው ነው። ወንጌልና ኡመይር የባንግላዴሽ ሩዝ አጫጆች ነበሩ፤ ትናንት ዕጣቸው የአባት ሞት ሆኖ ወጣ።

"ውሳኔውን ከቤታችሁ ትልቅ ሰው ጠይቃችሁ ኑ፣ ጨዋታ መሆኑን ግን አትናገሩ አልኳቸው" አለ። "ጨዋታ ነው ከተባሉ ሁሉም የሚያምረውን መልስ ይሰጣሉ ብዬ ነው።"

"አገርህ የት ነው፣ አንተ?"

"ጎንደር።"

"ጎንደር መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው?"

ሰማኸኝ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ፊቱ ሲለዋወጥ እማማ ሀብትነሽ አዩ።

"'አይደንግጡ፣ እህል ቀምሰዋል?' በሉ ያልከው አንተ ነህ?"

"አይደንግጡ በሏቸው ብያለሁ። እህሉን ግን…"

"እህሉ የእኔ ነው" አለች ወንጌል። "ሲርብዎ ስለሚቆጡ።"

"እናቴም ትናንት ስጠይቃት ጋሽ እንግዳው መስሏት አለቀሰች" አለ ኡመይር። የፉሉ ነገር ያኔ ለእማማ ሀብትነሽ ገባቸው። መጂዳም ከእሳቸው መርዶ ትጠብቅ ኖሯል።

እማማ ሀብትነሽ ነጠላቸውን ከወገባቸው እየፈቱ ሳለ ነው በሩ ጋ የቆሙትን ያስተዋሉት። ሌላው ተማሪ መሬት ላይ ክብ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። እነዚህ ግን በበሩ ግራና ቀኝ ቆመው ደረቅ የሰሊጥ አገዳ በነዶ በነዶ ያስራሉ። ሴቶች ናቸው። አንድ ወንድ ብቻ መሃላቸው ቆሞ ጫማውን ያያል። ወንጌልም እዚያው ናት፣ ነዶዋን እንደያዘች።

"እነዚህስ ምን አጥፍተው ነው የቆሙት?"

"ያጠፉት የለም" አለ ሰማኸኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከየቤታቸው በመጣው መልስ ከትምህርት የወጡት ናቸው። እኔም እንዲህ ይበዛሉ አላልኩም ነበር።"

"የእኔን መልሳት።"

"በጨዋታው ሕግ አይመለሱም፣ እማማ። ዓመቱ ዞሯል።"

"ቢሞትስ ሰው ይለመናል፤ ለጨዋታ ነው የማይለመን?"

መምህሩ ዕጣው ወዳለበት ቅል አየ። ወንጌል በበኩሏ "ይተዉት፣ እማማ። እውነቱን ነው የነገሩኝ" አለች። ይህን ስትል ቁጣ እንኳ አልነበረባትም፤ ያ ነው እማማ ሀብትነሽን ከወንበሩ ያስነሳቸው።

ደወሉ ተደውሎ አብረው ሲመለሱ ፀሐዩ አስፋልቱን ያቃጥላል። ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች በአጠገባቸው ያልፋሉ። እማማ ሀብትነሽ "ጨዋታ መሆኑን ባውቅ ኖሮ" ሊሏት ነበር፤ መምህሩ የፈራው ግን ይህንኑ አይደል።

"የሌሎቹ ቤት 'ሴቷን' ነው ያለው" አለች ወንጌል፣ ፊት ፊቷን እያየች። "እርስዎ 'አንቺን' አሉኝ።"

"ደንግጬ ነው።"

"አውቃለሁ።" ጥቂት ሄዱ። "አባዬ እኮ እስካሁን አልደወለም። እውነት ቢሞትስ?"

ይህኛው የቤት ሥራ አልነበረም። እማማ ሀብትነሽ መልሱን ሲፈልጉ እግራቸው ከሉባባ ምግብ ቤት ፊት ደርሷል። ሉባባም በር ላይ ቆማ፣ አንድ ሽርጥ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣

"መጣችልኝ? በሰዓቷ ነው የደረሰችው" አለች።

ወንጌል ቆመች። ሽርጡን አየች፣ ሉባባን አየች፣ ከዚያ አያቷን። "እንዴት ነው የምመጣላት?" አለች በቀስታ። ሌላ አልጠየቀችም፤ ደብተሯን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

 ያን ጊዜ በእማማ ሀብትነሽ መቀነት ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

"እማማ፣ ስልኩ።"

"ይጩህ።"

"አባዬ ቢሆንስ?"

"ወይ እሱ ነው፣ ወይ ስለሱ ነው። ይጩህ አልኩ።" መቀነታቸውን ጨብጠው ወደ ሉባባ ዞሩ። "ጠዋት ሰጥቼሻለሁ፤ ዋሽቼ አይደለም። አሁን ግን አትመጣም። ይሄ ስልክ የሚያወራው ምንም ይሁን ምን፣ ሞትም ይሁን፣ አትመጣም። እጅ ካነሰሽ እኔ አለሁ። ሽንኩርት መክተፍ አልረሳሁም።"

"እርስዎ?" አለች ሉባባ። "ሹፌሮቼን ሁሉ ተቆጥተው ሊያባርሩብኝ?"

"የልጅ ክንድ የሚይዝ ካለ ይባረራል።"

ሉባባ ወደ ውስጥ ዞር ብላ ተመለከተች። ከዚያ ሽርጡን ከትከሻዋ አንስታ ለእሳቸው ዘረጋች። "ነገ በማለዳ። ዘግይቼ መጣሁ ቢሉኝ አልሰማም።"

ስልኩ ቆሞ ነበር። እንደገና ጮኸ። እማማ ሀብትነሽ ከመቀነታቸው አውጥተው ለወንጌል ሰጧት።

"አሁን አንሺው" አሉ። "መልሴን ሰምተሻል።"

ልጅቱ ስልኩን ከፍታ በራሷና በአያቷ ጆሮ መካከል ያዘችው። መጀመሪያ የመጣው ሰው አልነበረም፤ የትራክተር ጩኸት ነው። ከዚያ ከጩኸቱ በላይ እየጮኸ፣ "ሃሎ፣ ሃሎ፣ የኔትወርኩ ታወር ወድቆ ነው እኮ፣ ዛሬ ነው የተሠራው፣ ይሰማል? እማዬ፣ ደህና ናችሁ? እህል ቀመሱ?"

እማማ ሀብትነሽ የሉባባ ምግብ ቤት ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

"ለምንድን ነው የጠየቅኸኝ?"

"ምኑን?"

"እህሉን።"

"ኧረ እንዲያው ነው። ሰላምታ ነዋ፣ እማዬ።"

"ገና ነኝ" አሉ፣ ሽርጡን ጭናቸው ላይ እያጣጠፉ። "ከትናንት ጀምሮ አልቀመስኩም። ቤት ፉል አለ።"