ስሟ ያልዞረ መኪና

አስቻለች ፍሬን የያዘችው ዘግይታ ነው። ባምቢስ ጋ መብራቱ ቀይ ሆኖ መኪናው ሁሉ ቆሟል፤ እሷ ግን ከኋላዋ ጡሩምባ የሚያስጮኸውን ሚኒባስ በመስታወት ስታይ የፊቱን ረሳችው። ነጯ ቪትዝ ሄዳ ከፊቷ የቆመውን ኮሮላ ከኋላ ገጨችው። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፣ ባዶ በርሜል በእግር ሲመታ የሚሰማ ዓይነት ነው።

ከኮሮላው የወረደው ጎይቶም የሚባል፣ በስልክ እየተጠራ የሚሠራ የታክሲ ሹፌር ነበር። አልጮኸባትም። የተሰበረውን የኋላ መብራትና የተጨራመተውን ፓራውልት ጎንበስ ብሎ አየና ወደ መስኮቷ መጣ።

"አንቺ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"እሱማ ነው። ኢንሹራንስ አለሽ?"

"አለኝ።"

"በቃ ትራፊክ እንጥራ። ይቺ መኪና እንጀራዬ ናት። ቶሎ ከተሠራችልኝ ሌላ ጭቅጭቅ የለኝም።"

ትራፊኩ መጥቶ ፕላን አነሳ፣ ጥፋቱንም በእሷ ላይ ጻፈ። አስቻለች ግን ብዙም አልከፋት። በየዓመቱ ሳታጓድል የምትከፍለው ለእንዲህ ያለ ቀን አይደል? አፍንጫዋ የተጣመመውን ቪትዝ እየነዳች ካዛንቺስ ወዳለው መሥሪያ ቤቷ ስትሄድ፣ ጉዳዩ ወረቀት አስገብቶ መጠበቅ ብቻ መስሏት ነበር።

በማግስቱ ለገሃር አካባቢ ካለው የኢንሹራንስ ቢሮ ሄደች። ሊዲያ የምትባል ፈገግታ የማታጣ ልጅ ተቀበለቻትና ኮምፒውተሯን አየች።

"መድኑ የተገባው በአቶ ገበያው ስም ነው። እርስዎ ምናቸው ነዎት?"

"ገዢዋ ነኝ። ስሟ ገና አልዞረም እንጂ ውክልና አለኝ።"

አስቻለች መኪናዋን ከአቶ ገበያው ከገዛች ሁለት ዓመት አልፏታል። ስም ለማዞር ወጪውም ሰልፉም እያሰለቻት፣ በሚቀጥለው ወር፣ ከበዓል በኋላ ስትል ቆየች። የምታውቃቸው ሰዎች ግማሾቹ እንደዚያው በውክልና ነው የሚነዱት። ማንም ምን ሆኖ አያውቅም።

ሊዲያ ውክልናውን እስከ መጨረሻው አነበበች። "ለመንዳት፣ ለማስመርመር፣ ለመሸጥ ይላል። ካሳ ጠይቆ ስለመፈረም ግን የለበትም። ማለቴ፣ እኔ ብፈልግም ከላይ ይመልሱብኛል። እሳቸው መጥተው ከፈረሙ ግን ወዲያው ያልቃል።"

የአቶ ገበያው ስልክ ዝግ ነበር። አስቻለች ከሥራ ስትወጣ መኪናዋን የተረከበችበትን የካዛንቺስ ሰፈር ፈለገች። ካዛንቺስ ውስጥ በየቀኑ እየዋለች፣ ያ መንደር ከፈረሰ ወዲህ ወደዚያ በኩል ዞራ አታውቅም። የቆርቆሮ አጥሩ፣ አቶ ገበያው ቁልፉን የሰጧት በር፣ ከበሩ ፊት የነበረው ሱቅ፣ ሁሉም ሄዷል። በቦታው ሰፊ አስፋልትና ገና ያልጸደቀ ሣር ነው ያለው። ወደ ዑራኤል ወረድ ብላ ድሮ በዚያ ሰፈር የነበረ አንድ ልብስ ሰፊ አገኘችና ጠየቀችው።

"ጎተራ ኮንዶሚኒየም ናቸው ቤተሰቦቹ" አላት፤ ብሎኩንም ነገራት። "ደግ አደረግሽ፣ መሄድሽ።"

ምን ደግነት እንዳለው የገባት የጎተራው በር ሲከፈት ነው። የከፈቱላት ወይዘሮ ደብሪቱ፣ የአቶ ገበያው ባለቤት፣ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰዋል።

አስቻለች እንደ ለቀስተኛ ተቀመጠች። ሻይ ቀረበላት። የመጣችበትን ለመናገር አፏ እምቢ ሲላት፣ ወይዘሮ ደብሪቱ ራሳቸው ጀመሩት።

"የመኪናዋ ልጅ ነሽ አይደል? አወቅኩሽ።"

"እኔ እኮ አልሰማሁም፣ እማማ። ምን አገኛቸው?"

"ኩላሊቱ ነው። ያኔ ላንቺ የሸጣትም ለእጥበቱ ነበር።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ኤልዳድ ግን አያውቅም። ልጁ። እኔ አልወለድኩትም፣ ከፊተኛይቱ ነው፤ ይኼ ቤት የሱ ነው። ሐዋሳ ነው የሚሠራ። አባትየው እንዳልነግረው አስማለኝ። ከሰማ ይቺን ብቸኛ ቤቱን ሸጦ ሕንድ ልውሰድህ ይለኛል፣ ልጄን ቤት አልባ አድርጌ አልድንም አለ። ልጁ አባቴ በድንገት ሞተ ብሎ ነው የቀበረው። ስለ መኪናዋ ሲጠይቀኝም ለወዳጁ ልጅ አውሷት ነው አልኩት።"

ወዲያው ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። የገባው ረጅም፣ ጢሙን ለሐዘን ያሳደገ ወጣት ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ የአባዬ ቪትዝ ታች ቆማለች እኮ። አፍንጫዋ ተሰብሯል። ማን ነው ይዟት የመጣው?"

ወይዘሮ ደብሪቱ የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው አስቻለችን አዩዋት።

"እኔ ነኝ" አለች አስቻለች።

"አባዬ ያዋሰሽ አንቺ ነሽ እንዴ?"

ቦርሳዋ ውስጥ የሽያጭ ውሉ አለ። አውጥታ ማሳየት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። የአሮጊቷን ዓይን አየችና "አዎ" አለች።

ኤልዳድ አጠገቧ ተቀመጠ። አልተቆጣም። "ለሰባራው አትጨነቂ፣ ምንም አላስከፍልሽም። አባዬ ያመነሽ ሰው ነሽ። ብቻ መልሺልን። የእሱ ነገር ከእሷ ሌላ የቀረኝ የለም፣ ያደግኩበት ቤት እንኳ ፈርሷል። ሐዋሳ ለሥራ ደርሼ በሚቀጥለው ሳምንት ስመለስ ይዣት እሄዳለሁ።"

"እሺ" ብላ ወጣች። ታች ወርዳ የገዛ መኪናዋን በር ስትከፍት ሰው እንዳያያት ግራ ቀኙን ቃኘች። ላይ በረንዳው ላይ ኤልዳድ ቆሞ መኪናዋን ያያታል።

ከዚያ በኋላ የሄደችበት ሁሉ ግድግዳ ሆነባት። ሊዲያን እንደ ዘበት አድርጋ "ባለቤቱ ቢሞትስ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ውክልናው አብሮ ቀረ ማለት ነው። ወራሾቹ ከፍርድ ቤት ማስረጃ አውጥተው መጥተው ይፈርማሉ።" ሊዲያ ቀና ብላ አየቻት። "ሞተዋል እንዴ?"

"አይ" አለች አስቻለች። ውሸት በውሸት ላይ መደረብ እንዲህ ቀላል መሆኑን አታውቅም ነበር።

ስለዚህ ካሳውን የሚያስከፍልላት ወራሹ ኤልዳድ ብቻ ነው። እሱ እንዲፈርም መኪናዋ መሸጧን ማወቅ አለበት። መሸጧን ሲያውቅ ለምን ብሎ ይጠይቃል። ዝም ካለች ደግሞ መኪናዋን ታጣለች፤ የጎይቶምም መኪና እንደተሰበረ ይቀራል። ከመሥሪያ ቤቷ ቁጠባ ማኅበር ተበድራ የኋላ መብራቱን ብታሠራለትም፣ ላሜራውና ቀለሙ ከአቅሟ በላይ ነበር። ጎይቶም ጠዋት ጠዋት ይደውላል።

"እህቴ፣ ደህና አደርሽ? ምን ላይ ደረሰ?"

"እየሄድኩበት ነው፣ ወንድሜ።"

"እሺ። ደንበኞቹ ኋላውን እያዩ ይቅርብን ይሉኛል፤ ለዚያ ብዬ ነው እንጂ ላስቸግርሽ አይደለም።"

ቢሰድባት ይቀላት ነበር። መሥሪያ ቤት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የሰው ፋይል እያገላበጠች አንድ መስመር ሳታነብ ትውላለች። ቪትዟን ከሩቅ ስታያት የሰው ዕቃ ትመስላታለች፤ እሷ ደግሞ የሰረቀች። አንድ ቀን በታክሲ፣ አንድ ቀን በእግሯ መመለስ ጀመረች።

የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ወይዘሮ ደብሪቱ ጋ ደወለች።

"እማማ፣ እኔ አልናገርብዎትም። ግን መኪናዋን መስጠት አልችልም። ለፍቼ የገዛኋት ናት።"

"እኔ ነገርኩት ማለት የሞተውን ከዳሁ ማለት ነው" አሉ ወይዘሮዋ። "ዝም አልኩ ማለት ደግሞ አንቺን ዘረፍኩ ማለት ነው። እኔስ በየትኛው ልግባ?"

አስቻለች የሽያጭ ውሉን ከቦርሳዋ አውጥታ እንደገና አነበበችው።

ኤልዳድ በተመለሰበት ቀን ውሉን ይዛ ጎተራ ሄደች። ደረጃውን እየወጣች የምትለውን ታጠና ነበር፤ አንዱም አልጣማትም። በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ደብሪቱ ዓይናቸው አብጧል።

"ነገርኩት" አሉ በሹክሹክታ።

ኤልዳድ በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። አስቻለች ውሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ዞሮ አላየውም። ትንሽ ቆማ ጠበቀችና ወረደች። በመኪናዋ ቤቷ ገባች፤ ግን እፎይታ አልመጣላትም። የተናደደ ወራሽ ፍርድ ቤት ሊወስዳት ይችላል፤ ያን ጊዜ የምትጠራቸው ምስክር ያው እኒያ አሮጊት ናቸው።

ለጎይቶም እውነቱን ነገረችው። እሱም "ለሟች ምን ይባላል? እንጠብቃ" አለ፤ ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ መደወሉን ተወ።

ወራት አለፉ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ኤልዳድ ደወለ። "የወራሽነቱ ማስረጃ ወጥቷል። ነገ ለገሃር እንገናኝ" ብቻ አላት።

ሊዲያ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው ኤልዳድ ፈረመ፤ የመኪናዋንም ስም እንደሚያዞርላት ተናገረ። ካሳው ገና ገማች ያየዋል፣ ከዚያም ላይ እሷ ራሷ የምትከፍለው ድርሻ አለ፤ ግን መንገዱ ተከፈተ። ለጎይቶም እዚያው ሆና ደወለችለት።

ውጭ ካፊያ ነበር። ኤልዳድ ቪትዟ አጠገብ ቆሞ የተጣመመውን ኮፈን በመዳፉ ዳበሰው።

"ከእትዬ ጋር ተኳርፈን ነበር" አለ። "አሁን ደህና ነን። አንድ ነገር ልጠይቅሽ?"

"ጠይቀኝ።"

"አባዬ ቁልፉን የሰጠሽ ቀን ከስቶ ነበር?"

አስቻለች ልታቀልለት ፈለገች። ግን በዚህ ነገር ውሸት በቅቷት ነበር።

"ከስተው ነበር። በሩን ተደግፈው ነው የቆሙት። ፍሬኗ ጎበዝ ነው፣ አትጨነቂ አሉኝ። ከዚያ ስወጣ ልጄ መንዳት የተማረባት ናት አሉ።"

ኤልዳድ ራሱን ነቀነቀ። ዝናቡ ጠንከር ሲል መናኸሪያ ላድርስህ አለችው፤ እሱም እሺ ብሎ ገባ።