ሾፌሩ ያላነበበው ሰባተኛ መጽሐፍ

እኔ ሰው ሲሳሳት አይቶ ማለፍ አይሆንልኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሳነብ እጄ ቀይ እስክሪብቶ ይፈልጋል። ጓደኞቼ «ነጠላ ሰረዝ» ብለው ስም ያወጡልኝ በዚህ ጠባዬ ነው። ከነሱ አንዱ፣ ሾፌሩ፣ ደግሞ አሳጥሮ «ሰረዝ» ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ እንሰበሰባለን። የሚያሰባስበን አንድ ሟች ደራሲ የጻፋቸው ሰባት መጻሕፍት ናቸው። ምድር አላኖር ስትላቸው በአንዲት የጠፈር መንኮራኩር ተጭነው አዲስ ዓለም ፍለጋ ስለወጡ ሰዎች ነው ታሪኩ፤ እዚያው እየወለዱ፣ እዚያው እያረጁ ይጓዛሉ። ደራሲው ከሞተ ስምንት ዓመት አልፎታል። እኛ ግን ዛሬም የምንጨቃጨቀው ከየትኛው መጽሐፍ ይጀመር በሚለው ነው። አምስተኛው ከጉዞው በፊት ስለነበረው ዘመን የሚያወራ ስለሆነ፣ ከመካከላችን ፋርማሲስቷ መጀመሪያ እሱ ይነበብ ባይ ናት። ደራሲው አምስተኛ ያደረገው መቁጠር አቅቶት ነው ወይ፣ በታተመበት ተራ ይነበብ እንጂ እላለሁ እኔ። አምስተኛውን ያስቀደመ ሰው የመንኮራኩሯን ካፒቴን ምስጢር አስቀድሞ ያውቃል፤ ሦስተኛው ላይ መደንገጥ ሲገባው አይደነግጥም። ይህን ስነግራት ዓመታት አለፉ። ውሃ ወቀጣ ነው።

ሾፌሩ እዚህ ክርክር ውስጥ አይገባም ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። መጻሕፍቱን ያነበበው መጨረሻው ፌርማታ ላይ ተራው እስኪደርስ፣ መሪው ላይ ዘርግቶ ነው። ስድስቱን ሦስት ሦስት ጊዜ ዘልቋቸዋል። ሰባተኛውን፣ ደራሲው ከሞተ በኋላ የወጣውን፣ ገዝቶ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው እንጂ ገልጦት አያውቅም። እሱን ከጨረስኩ ሌላ የለም፤ ሰውዬው የሚሞትብኝ ያኔ ነው ይል ነበር። እኛም እሱ ባለበት ስለ ሰባተኛው ትንፍሽ አንልም። አንድ ቀን ከመካከላችን የሒሳብ አስተማሪው ተሳስቶ ሊጀምር ሲል በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረግጬዋለሁ።

በኋላ የስኳር በሽታ ዓይኑን ወሰደው። ዓመት ሳይሞላ ኩላሊቱም እምቢ አለ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቱ ይሁን ብለው የሸኙት ቀን ባለቤቱ ደወለችልኝ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ስልክ ስታወራም የስፌት መኪናዋ ከሥሯ ይንጫጫል። ያን ቀን ግን ዝም ብሏል። ሰባተኛውን አንተ እንድታነብለት ይፈልጋል፣ ከሰረዝ ሌላ ማንም አያንብብልኝ ብሏል አለችኝ።

እውነቱን ልናገር። ያንን መጽሐፍ ከአንባቢ ሁሉ ቀድሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ሳይታተም በፊት እርማቱ ያለፈው በኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። መንኮራኩሯ አትደርስም። ስድስት መጽሐፍ ሙሉ የተከተሉት ምልክት ከረጅም ዘመን በፊት ከጠፋ ዓለም የተላከ ነው። ካፒቴኗ ይህን ስታውቅ ለተሳፋሪው ሳትናገር የየክፍሉን መብራት አንድ በአንድ ታጠፋለች፣ መጽሐፉም እዚያ ላይ ያልቃል። የመጨረሻውን ገጽ አርሜ ስጨርስ የቢሮዬን በር ዘግቼ አልቅሻለሁ። እንግዲህ ይህንን ነው ለሚሞት ሰው አንብብ የተባልኩት።

ቤቱ ሄድኩና ሰባተኛው ብቻውን አይገባም፣ ከአንደኛው ጀምረን በተራው እንሄዳለን አልኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬም ተረትኩበት። ሾፌሩ ሳቀ፤ አንተማ ለመቃብርም ተራ ትይዛለህ አለኝ። ያን ያህል ከሳቀ በኋላ ትንሽ ደክሞት ስለነበር አልተከራከረኝም።

ቅዳሜ ይህን ለማኅበሩ ስነግር ፋርማሲስቷ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። መጀመሪያ ስለ አምስተኛው ልትነዘንዘኝ መስሎኝ ተዘጋጀሁ። ተራውን ተወው፣ የሚወስደውን መድኃኒት አውቃለሁ፣ ይህ ሰው ስድስት መጽሐፍ የሚያስኬድ ጊዜ የለውም፣ ሰባተኛውን ነገውኑ አንብብለት አለች። እኔም ቱግ አልኩ። መጻሕፍትን እንደ ክኒን ጠዋት አንድ ማታ አንድ አድርገሽ ልታዢልኝ ነው ወይ አልኳት። እሷ ግን አልተቆጣችም። ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠብቃ፣ «ምን ፈርተህ ነው?» አለችኝ። ዝናብ ሊመጣ ነው ብዬ ጥያት ሄድኩ።

በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቤቱ እየሄድኩ ማንበብ ጀመርኩ። አልጋው ከስፌት መኪናው አጠገብ ነው፤ ብርድ ልብሱ ላይ ሁልጊዜ ቁርጥራጭ ክር አይጠፋም። ባለቤቱ እኔ እንዲህ ያለ የሰማይ ቤት ወሬ አይገባኝም ትላለች፤ ነገሩ ሲጦዝ ግን የመኪናው ድምፅ ቀስ ይልና ይቆማል። ሾፌሩ ብዙውን በቃሉ ያውቀዋል። መስመር ከዘለልኩ ያዘኛል፤ በሕይወቴ የታረምኩት በሱ ብቻ ነው። እኔ ግን መዝለል ቀርቶ እጎትተው ነበር። ማውጫውን አነበብኩለት። ምስጋናውን አነበብኩለት። ስንተኛ እትም እንደሆነ ሳይቀር ሳነብለት፣ ከዚህ ቀጥሎ ደግሞ የማተሚያ ቤቱን ስልክ ቁጥር ልታነብልኝ ነው ወይ ብሎ አፌዘብኝ። አንደኛው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ሁለተኛው ደግሞ ከዚያም በለጠ፤ እያነበብኩ እንቅልፍ ሲወስደው በማግሥቱ ወደ ኋላ ስለምመለስ።

ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ፊቱ አብጦ፣ ድምፁ ሰልሎ ነበር። ካፒቴኗ ማን እንደሆነች የምትገለጥበትን ምዕራፍ፣ ለዓመታት የተጣላሁለትን ምዕራፍ ሳነብለት፣ እጁን ዘርግቶ ገጹን ሸፈነው።

«ሰረዝ፣ እኔ ሾፌር ነኝ» አለ። «የመንገዱን ነገር ተወው። ደረሱ ወይ? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ደረሱ ብዬው ቢሆን ይበቃ ነበር፤ ማን ይጠይቀኛል? አልደረሱም ብዬው ቢሆንም ያው እንደ ወንድ ይሰማው ነበር። እኔ ግን ሁለቱንም አቃተኝ።

«በተራው እንደርስበታለን» አልኩት።

እጁን ከገጹ ላይ አነሳ። እሺ፣ አንብብ አለኝ፤ አነበብኩ። የስፌት መኪናው ድምፅ ያን ቀን እስክወጣ ድረስ አልተሰማም።

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት አልቆየም። አራተኛውን ጀምረን ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነበርን። ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ ስልኬ ጮኸ፣ ባለቤቱ ናት። «ና» አለችኝ፤ «መጽሐፍ ግን አትያዝ።»

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሲቀንስ ጠብቄ ሄድኩ። አልጋው ተነስቷል፤ የነበረበት ቦታ ከሌላው ወለል ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። የስፌት መኪናዋ ላይ አንሶላ ጣል ተደርጎበታል። አጠገቧ ተቀመጥኩና የባጥ የቆጡን ስቀባጥር ቆየሁ። እሷ አልሰማችኝም። ጉልበቷን እያሻሸች አንድ ነገር ልንገርህ ወንድሜ፣ ሳልነግርህ ብቀር ያንቀኛል አለች።

የመጨረሻው ቀን አመሻሽ ላይ ባሏ ሰባተኛውን ከመደርደሪያ አውርጂና መጨረሻውን አንብቢልኝ አላት። አወረደችው። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ ዓይኗም በመርፌና በክር ያለቀ ነው፤ ፊደሉ ተደባለቀባት። ቢሆንም አልነበብ አለኝ አላለችውም። ወረቀቱ እንዲሰማው እየገለጠች፣ የምታነብ መስላ፣ ከራሷ ነገረችው። ደረሱ አለችው። ሁሉም ወረዱ፣ ሣር አለ፣ ወንዝ አለ፣ እዚያው መንኮራኩሯ ውስጥ የተወለዱት ልጆች መሬት ረግጠው ስለማያውቁ መሮጥ ፈርተው ነበር፣ ኋላ ግን ሮጡ አለችው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳይ እንዲህ ያለ መጨረሻ አላጋጠመኝም።

«እሱስ ምን አለ?» አልኳት።

«ሳቀብኝ» አለች። «'አይ አንቺ! ደርሰው ቢሆን ኖሮ ሰረዝ ገና በሩ ላይ ሆኖ ይነግረኝ ነበር፤ የምሥራች በሆዱ አያድርም። አልደረሱም፣ ፈርቶልኝ ነው' አለኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ።»

እየዞርኩ እየጎተትኩ የደበቅኩትን ሁሉ፣ ዓይኑ የማያይ ሰው አይቶታል። እኔን ላለማሳፈር ብሎ ነው ማውጫ ሲነበብለት፣ እትም ሲቆጠርለት የከረመው። እውነቱን ብቻውን ነው የያዘው። ቢያንስ አብሬው መያዝ ስችል፣ የመጨረሻ ቀኖቹን በተራ ቁጥር ጨረስኩበት። ቁጭቱ ዛሬም ያቃጥለኛል።

እሷ ፊቴን እያየች ነበር። «ማናችን ነን ልክ? እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» አለችኝ።

የሰው ስሕተት አይቼ አልፌ አላውቅም። «አንቺ ነሽ» አልኳት። «ደርሰዋል። ልጆቹም ሮጠዋል፤ ልክ እንዳልሽው ነው።»

እጄን ያዝ አደረገችና ለቀቀችው፤ እሷም አላመነችኝም።