ደረቅ እጅጌ

«ሰባት ጊዜ?» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ስኒውን ከአፋቸው ሳያደርሱ አቁመው።

«አዎ፣ ሰባት!» አሉ እትዬ ኸይሪያ። «ሸህ ጃፈር ሦስቱ ይበቃል ቢሉት እንቢ አለ። አባቱን ሰባት ጊዜ አጥቦ ነው የሸኘው። የወንድሜ ልጅ አይደል እንዴ!»

በድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ለቅሶኞች «ማሻ አላህ» ተባባሉ። የሟቹ የአቶ አብዱልሰመድ አንድያ ልጅ ሙዓዊያ ምሰሶውን ተደግፎ ተቀምጧል። ስለ እርሱ የሚነገረውን ሁሉ ይሰማል፤ ነገር ግን ትናንት የሆነው የፍቅር ሥራ እንዳልነበረ ከእርሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«በውሃ ነገርማ አብዱልሰመድን ማን ይችለው ነበር!» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናቸው፤ የቦንጋ ተወላጅ፣ የሟቹም የአርባ ዓመት ወዳጅ። «አንድ ቀን አብረን ዋጫ ልንሄድ መናኸሪያ ተገናኘን። ‹ለቀትሩ ሰላት፣ ለዙሁር፣ ታጥቤ ውዱዕ ላድርግ› ብሎኝ ወደ ቧንቧው ሄደ። አንዱ ሚኒባስ ሞልቶ ወጣ። ሁለተኛው ሞልቶ ወጣ። ሦስተኛውም ሲወጣ ሄጄ ባየው፣ ገና ግራ እግሩ ላይ ነው!»

ሐዘን ቤት የሚፈቅደው ዓይነት ዝቅ ያለ ሳቅ በድንኳኑ ዞረ። እትዬ ኸይሪያም ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ለዚህ እኮ ነው ፊቱ ላይ የኑር ብርሃን የነበረው» አሉ።

ሙዓዊያ አልሳቀም። ግራ እጁ በኮቱ የውስጥ ኪስ ያለውን እሽግ ይዳስስ ነበር። መድኃኒቱ ከታዘዘለት ሃያ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ከእሽጉ ግን አንዲት ፍሬ እንኳ አልወጣችም።

ትናንት ረፋዱ ላይ አስከሬኑ የታጠበው በጓሮ ባለው ክፍል ነበር። ሸህ ጃፈር ውሃውን በቁርቁራ ቅጠል አዘጋጅተው፣ ልጁን አጠገባቸው አቁመው፣ ከቀኝ ጎን ጀመሩ። ሦስተኛው እጥበት ሲያልቅ ፎጣውን ዘረጉ። ሙዓዊያ ግን የአባቱ ግራ ክርን ውሃ እንዳልደረሰው ተሰማው። ክርኑን አይቶታል፤ በእጁም ነክቶታል። ቢሆንም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ድምፅ መጣ፦ እርግጠኛ ነህ? አራተኛ እጥበት ታከለ። ቁጥሩ በጥንድ ስለማያልቅ አምስተኛ አስፈለገ። ስድስተኛው መጣ፤ ሰባተኛውም። በውጭ በሐምሌ ዝናብ የቆመው ሕዝብ ጠብቆ ጠብቆ፣ የዙሁር ሰዓት አለፈና የቀብሩ ጸሎት፣ የጀናዛው ሰላት፣ ከሰዓት በኋላ ወደሚሰገደው ዐስር ተላለፈ። ለስምንተኛ ጊዜ ጣሳውን ሲያነሣ ሸህ ጃፈር እጁን ያዙት።

«ይብቃ ልጄ። አባትህ ነጽተዋል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ መሆን የእኔ ሥራ አይደለም» አሉ ሸሁ። «የታዘዝኩትን ፈጽሜአለሁ፤ ስለዚህ አቆማለሁ።»

ያን ጊዜ ሙዓዊያ የአባቱን ክንድ ልብ ብሎ አየ። ከእጃቸው አንጓ እስከ ክርናቸው ቆዳቸው በብዙ ዘመን ውሃ ነጥቶ፣ ተሰነጣጥቆ ነበር። ጣሳውን የያዘው የራሱ ክንድ ከአጠገቡ ነበረ። የሚለዩት በዕድሜ ብቻ ነበር።

«አባዬ!»

የስድስት ዓመት ልጁ ፈርሐት በድንኳኑ በር ገብታ፣ አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች። መዳፎቿን ወደ ላይ ገልብጣ ዘረጋች። «ታጥቤአለሁ። በሳሙና። ሦስት ጊዜ።»

ሙዓዊያ መዳፎቿን አየ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አቀፋት።

«ተባረኪ፣ የአያቷ ልጅ» አሉ እትዬ ኸይሪያ። ሌላው ሰው ነገሩን እንደ ደንብ አየው። ጋሽ ኃይለመስቀል ብቻ ስኒአቸውን መሬት አስቀምጠው ልጅቱን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

ሙዓዊያን ወደ ሐኪም የላከችው ይህቺው ልጅ ነበረች። በሰኔ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሮ ስትሮጥ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። አባቷ ከፊት ለፊቷ ቆሞ ነበር። ደሟ እየወረደ፣ እያለቀሰች፣ መጀመሪያ የሮጠችው ግን ወደ ቧንቧው ነበር። እጇን ሳትታጠብ አባቷ እንደማያነሣት ታውቃለችና። ሙዓዊያ በማግስቱ ለባለቤቱ ለካውሰር እንኳ ሳይናገር ወደ ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄደ።

ዝማሬ የምትባለው ባለሙያ ሳታቋርጠው አዳመጠችው። «እናንተ ወስዋስ የምትሉት ነው» አለችው። «እኛ ኦሲዲ እንለዋለን። ሕመም ነው፤ ይታከማል። መድኃኒቱን በየቀኑ ጠዋት ከቁርስ በኋላ አንድ ፍሬ ትወስዳለህ። መጀመሪያ ላይ ሊያቅለሸልሽህ ይችላል። ለውጡ በሁለት በሦስት ወር ነውና አትቸኩል፤ በራስህ ፈቃድም አታቋርጥ። በየሳምንቱ እየመጣህ ደግሞ ቧንቧ ዘግቶ መሄድን አብረን እንለማመዳለን።»

እሽጉን ይዞ ወጣ። ጥርጣሬው ግን ቤት እስኪደርስ አልጠበቀውም። የፍሬዋ ሽፋን ከምን ተሠራ? ከተከለከለ እንስሳ ቢሆንስ? ሸህ ጃፈርን ጠየቃቸው፤ ለሕክምና ካስፈለገና ሌላ ከሌለ እንደሚፈቀድ አስረዱት። በማግስቱ ደግሞ ጠየቃቸው። በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ሸሁ ሳቁ፦ «የመጀመሪያው ጥያቄህ የዲን፣ የሃይማኖት ነበር፤ መልስ ሰጠሁህ። የዛሬው የበሽታህ ነው። ለእርሱ መልስ የለኝም።»

ከዚህ በኋላ የቀረው ከሁሉም የከበደው ነበር። ይህ ድምፅ የአባቱም ድምፅ ነው። ከተማው ሁሉ በአባቱ ያከበረው ነገር በአንዲት ፍሬ የሚጠፋ ከሆነ፣ እርሱ የማን ልጅ ሆኖ ይቀራል? ስለዚህ አባቱን ራሳቸውን ሊጠይቅ ወሰነ። አቶ አብዱልሰመድ ከበርሜሉ አጠገብ ተቀምጠው ይታጠቡ ነበር። ልጃቸው ነገሩን ተናግሮ ሲጨርስ፣ ሙዓዊያ በሕይወቱ እንዳላየው እጃቸው ትጥበቱን ሳይጨርስ መካከል ላይ ቆመ። ከረጠበው እጅጌአቸው ውሃው ይንጠባጠባል። ቀና ብለው አዩት።

«እኔም…» አሉ።

በዚህ ቅጽበት እኅታቸው እትዬ ኸይሪያ በጓሮ በር ገቡ። አቶ አብዱልሰመድም ጎንበስ ብለው መታጠባቸውን ቀጠሉ። ነገሩን ዳግም ሳያነሡት በሁለተኛው ሳምንት ልባቸው ቆመ። ሙዓዊያ ያን ቃል «እኔም እንዲሁ ኖሬአለሁ፤ አንተም ቻለው» ብሎ ተረጎመው፤ እሽጉም ሳይከፈት ኖረ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ የመጨረሻው ዱዓ ሊደረግ ጥቂት ሲቀረው፣ እትዬ ኸይሪያ ዝናብ የመታውን የሙዓዊያን ኮት ሊያሰጡ ኪሱን ሲያራግፉ እሽጉ ወደቀ። አንሥተው ወደ ሳሎን ገቡ። ሙዓዊያ፣ ካውሰርና ፈርሐት እዚያ ነበሩ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መድኃኒቴ ነው፣ አክስቴ።»

«የራስ መድኃኒት ነው! አውቀዋለሁ!» አሉ፣ እሽጉን ከፍ አድርገው። «የአባትህ አፈር ሳይደርቅ! ሰዉ አባትህን እያመሰገነ በተቀመጠበት ድንኳን!»

«የሚታመመው እርሱ ነው፣ እትዬ» አለች ካውሰር በእርጋታ። «ይወስን።»

«አንቺ ዝም በይ!»

«ኸይሪያ» አለ ከበሩ የመጣ ድምፅ። ጋሽ ኃይለመስቀል ባለቤታቸው በዛወርቅ የጋገሩትን ዳቦ በፎጣ ጠቅልለው ይዘው ቆመዋል። «ለልጁ ትነግሪዋለሽ ወይስ እኔ ልንገረው?»

ጋሽ ኃይለመስቀል ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። «ሙዓዊያ፣ አባትህ በትከሻው ተሸክሞህ ያውቃል?»

ሙዓዊያ አስታወሰ። በልጅነቱ አንድ ክረምት ነበረው፤ ሲያድግ ሕልም ይሆናል ብሎ የተወው። ሰባት ዓመቱ ነበር። አባቱ በትከሻቸው ተሸክመውት ገበያ ወጡ። እርሱ የገመጠውን የተጠበሰ በቆሎ ተቀብለው ገመጡ። ከጨርቅ ሱቃቸው ሲመለሱ ሮጦ ያቅፋቸው ነበር፤ ጉንጩ የሚያርፍበት እጅጌም ደረቅ ነበር። ከመስከረም በኋላ እጅጌው ተመልሶ ረጠበ፤ ከዚያ ወዲህ ደርቆ አያውቅም።

«አንድ ክረምት» አለ ሙዓዊያ። «አንድ ክረምት ብቻ።»

«ዘጠና ዓመተ ምሕረት ነው። ግንቦት ላይ ጅማ ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት እኔ ነኝ። አራት ወር መድኃኒት ወሰደ። ያኔ ሚኒባስ አያመልጠንም ነበር፤ ቀድሞ ገብቶ የሚጠብቀኝ እርሱ ነበር።»

«ከዚያስ?»

ጋሽ ኃይለመስቀል ወደ እትዬ ኸይሪያ አላዩም። እርሳቸው ግን ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ እሽጉን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

«እኔ ነኝ ያስጣልኩት» አሉ። «መስጊድ ቶሎ ይደርስ ጀመር። ሴቶቹ ‹ወንድምሽ ውዱዕ ያሳጥር ጀመር፤ ዲኑ ላላ› አሉኝ። አፈርኩ። ሄጄ ነገርኩት። መድኃኒቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ጓሮ ቀበርኩት።» ዓይናቸውን ወደ ጓሮው በር አዞሩ። «ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን በርሜል ውሃ የምሞላለት እኔ ነበርኩ።»

በድንኳኑ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። ሙዓዊያ አባቱ ያልጨረሱትን ቃል አሰበ። አሁን ሌላ ፍጻሜ አገኘለት፦ «እኔም ወስጄው ነበር፤ አንተ አትጣለው።» ወዲያው ያ የታወቀው ድምፅ መጣ፦ እርግጠኛ ነህ? ሊሉ የፈለጉት ይህን ነበር?

«አይደለሁም» አለ ሙዓዊያ ጮክ ብሎ።

«ምን አይደለህም?» አለች ካውሰር።

«እርግጠኛ አይደለሁም። ግን እወስደዋለሁ።» እጁን ወደ አክስቱ ዘረጋ።

እትዬ ኸይሪያ እሽጉን አልሰጡትም። ብድግ ብለው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። «በባዶ ሆድ ይወሰዳል እንዴ?» አሉ፤ ድምፃቸው ዳግም የአክስት ድምፅ ሆነ።

«ከቁርስ በኋላ ነው።»

ዳቦውን ቆረሱ። የቆረሱበትም ከጭቃማው ግቢ እሽጉን ያነሡበት፣ ያልታጠበ እጃቸው ነበር። ሙዓዊያ አየው። ድምፁም አየው። ቁራሹን ተቀብሎ፣ አላምጦ ዋጠ። ከዚያም ወደ ልጁ ዞረ።

«ፈርሐት፣ ውሃሽን ስጪኝ።»

ልጅቱ ብርጭቆዋን ደረቷ ላይ አስጠጋች። «አባዬ፣ እኔ ጠጥቼበታለሁ እኮ።»

«አይቻለሁ። አምጪው።»

በልጁ ግማሽ ውሃ የመጀመሪያዋን ፍሬ ዋጠ። ብርጭቆውን ሲመልስላት እጇን አልለቀቀም፤ እንደያዛትም አብረው ወደ ድንኳኑ፣ ወደ ዱዓው ወጡ።

በኅዳር ወር ፈርሐት ጓሮ ስትሮጥ ዳግመኛ ወደቀች፤ ጉልበቷም ደማ። በቀጥታ ወደ አባቷ ሮጠች። የሸሚዙ እጅጌ ደም ነካው። ሸሚዙ የታጠበው በማግስቱ ነው፤ አንድ ጊዜ።