የዝምተኛዋ ልጅ ድምፅ

«ወደ ክፍልሽ ግቢ! ፊትሽን እንዳላየው!» ብሎ ጮኸ ኢዘዲን ማይኩ ላይ። ላፕቶፑ ስክሪን ላይ ያለው ፈረንጅ አባት እጁን እያወናጨፈ ሴት ልጁ ላይ ያፈጥጣል።

ኢዘዲን በሮቤ የታወቀ የፊልም ተርጓሚ ነው፤ የፈረንጅ ፊልም ላይ የራሱን የአማርኛ ድምፅ ይቀዳል። አፉ ጤፍ ይቆላል፤ አባቱንም፣ ፖሊሱንም፣ ሌባውንም ብቻውን ሆኖ ይጫወታቸዋል። ደንበኛ እንዲስቅለት ኦሮምኛ ጣል ያደርግበታል፤ በአካባቢው ስም እየጠራም የፈረንጁን ከተማ ጎባ፣ ገበያውን ጊኒር ይለዋል። የዛሬው ፊልም ግን ከቤቷ ልትኮበልል ስለምታስብ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነውና የእሱ ጎርናና ድምፅ አልሆነላትም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን ሮሚን «ነይ እስቲ አግዢኝ» ብሎ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አጠገቡ አስቀመጣት። እሷም አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን ዝምታ አብዝታለች፤ እሱ ግን «ዕድሜው ነው» ብሎ ትቶታል።

ስክሪኑ ላይ አባትየው በሩን ጠርቅሞ ወጣ።

«ትምህርት ቤት ከሄድኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ» አለች ሮሚ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ እወጣና ሻያ ድልድይ ላይ ቆሜ እውላለሁ።»

ኢዘዲን ሳቁ አመለጠው። ሻያ! የራሳቸው አገር ወንዝ! ልጂቱ የአባቷን ሙያ ቀስማለች። አውራ ጣቱን አነሣላት። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረ። የፈረንጇ ልጅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም።

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ክፍል ውስጥ ራሴን ስቼ ወድቄ ስንቀጠቀጥ በስልክ ቀረጹኝ» አለች ሮሚ በዚያው ድምፅ። «ቪዲዮውን ያላየው ተማሪ የለም። ድልድዩ ላይ ሆኜ ውኃውን ሳየው፣ ብገባበት እገላገል ነበር እላለሁ።»

ያ አላህ! ኢዘዲንን ፍርሃት ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ወረረው። ብድግ ብሎ ሊያቅፋት ከጀለ፤ ግን ፈራ። ሮሚ የምታወራው ለስክሪኗ ልጅ ነው፤ አንዴ ፊቷን ወደ እሱ ካዞረች ዳግም አትተነፍስም። በዚህ መሀል ስልኩ ጮኸ። ፊልሙን የሚጠብቀው ነጋዴው ጉቱ ነበር። ኢዘዲን ስልኩን አጠፋው።

የፈረንጇ ልጅ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ በሩ መራመድ ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ ትዕይንቱ ያልቃል፤ ሮሚም ዝም ትላለች። ኢዘዲን ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰው፣ አባትየው እስከሚጮህበት ድረስ።

«የእኔ ድምፅ ተበላሽቷል» አላት። «ከዚህ እንድገመው።»

ፈረንጁ አባት እጁን አወናጨፈ። ኢዘዲን ግን አልጮኸም።

«ልጄ፣ ታመሽ ነው? ምነው ሳትነግሪኝ?» አለ ማይኩ ላይ ቀስ ብሎ።

ሮሚ አሁንም ስክሪኑን እያየች መለሰች። «አባ፣ እንዲህ አይልም እኮ።»

«አይልም» አላት። «አንቺ ብቻ ቀጥዪ።»